ማይክ ሲጨበጥ ጭምት ይሻላል ወይስ ተጫዋች?

የመነሻ ጽሑፍ

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን የግማሽ ዓመት ሪፖርት ነበር። አዳራሹ ውስጥ 60 የምንሆን ሰዎች ተቀምጠናል። ከፊት አለቆች፣ ከኋላ እኛ። መጀመሪያ የወጣው የሽያጭ ክፍሉ ልጅ ነው። እሱ ያለበት ቢሮ ሬዲዮ አያስፈልገውም። ሻይ ላይ፣ ሰርቪስ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ጨዋታው በእጁ ነው። ስለዚህ ሁላችንም ዘና ብለን ተቀመጥን። በቀልድ ጀመረ፤ ሳቅን። ሌላ ቀልድ ጨመረ፤ ግማሾቻችን ሳቅን። ሦስተኛው ስላይድ ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ተምታታበት። ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ወደ ፊት ሄደ፣ በየመሀሉ ማለት ነው፣ ማለት ነው ይላል። የተሰጠው 20 ደቂቃ ነበር። 40 ፈጀ።

ቀጥላ የወጣችው የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ናት። 3 ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ድምጿን የሰማሁባቸው ቀናት ግን በጣት ይቆጠራሉ። አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ይዛለች፤ ብዙም አላየቻትም። መጀመሪያ ስንት ብር እንደጎደለ ነገረችን። ከዚያ የት እንደጎደለ። ከዚያ ምን ብናደርግ እንደሚሻል። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ይልቅ ከኋላ የተቀመጥነው ነን ወንበራችንን ወደ ፊት የሳብነው። በ12 ደቂቃ ጨርሳ ወረደች። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ረስታት ነበርና ላቀብላት ሳነሳ ዓይኔ ገባበት። 5 ቃላት ብቻ ናቸው የተጻፉት። አምስተኛው፦ ውሃ።

ለሻይ ስንወጣ ፈለግኳት፤ የለችም። 3ኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት። ስልክ እንኳ አልያዘችም። ዝም ብላ ግድግዳውን ታያለች። ወረቀቷን ተቀብላ አመሰገነችኝ፤ ከዚያ በላይ ምንም አላለችም። ገባኝና ትቻት ሄድኩ።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ሕዝብ ፊት ንግግር ሲሆን ኢንትሮቨርት (ጭምቱ) ከኤክስትሮቨርት (ከተጫዋቹ) ይበልጣል። ተጫዋች ሰው አፉን ስለሚተማመን አይዘጋጅም። ጭምት ሰው አፉን ስለማይተማመን ይዘጋጃል። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

አረሙኛ! ይህን ከለጠፍኩ 10 ቀኔ ነው፤ 19 መልስ ገብቷል። ዘግይታችሁ ለመጣችሁ በየቁጥሩ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ልተርክላችሁ። በየመሀሉ የራሴን ጣልቃ ባስገባ አትቀየሙኝ። ነገሩን የለኮስኩት እኔ ነኝ።

መልስ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ እናት ናቸው። በሰላምታና በምርቃት ነው የገቡት። በየሴሚስተሩ የተማሪ ፕረዘንቴሽን ሲሰሙ እንደሚውሉ ነገሩን። የቡድን ሥራ ሲሰጡ የሚያዩት ነገር አይለወጥም። ጭምቷ ልጅ ቤተ መጻሕፍት ትገባለች፣ ስላይዱን ትሠራለች፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በቴሌግራም ለቡድኑ ትልካለች። ማቅረቡ ሲመጣ ግን ቡድኑ ተጫዋቹን ልጅ ወደ ፊት ይገፋዋል። እሱም ያልጻፈውን ያቀርባል። ሦስተኛው ስላይድ ላይ የሚጠፋው ለዚህ ነው፤ መጀመሪያውኑ የሱ አልነበረም። እሷ ደግሞ አንድም ቀን ሰው ፊት ሳትቆም ትመረቃለች። በሳቸው አስተያየት እኔ የባሕርይ ልዩነት ያልኩት ነገር ሥራ የተከፋፈለበት መንገድ ነው። አሁን አቅራቢውን በዕጣ ነው የሚለዩት፤ ዕጣው የሚወጣውም በዚያው ጠዋት ነው። በዚህ ምክንያት ተማሪዎቻቸው እንደማይወዷቸው ሳይደብቁ ጽፈዋል።

መልስ 2

ጭምት መሆኑንና ከኔ ጋር መስማማቱን በግማሽ መስመር ገልጾ ወጣ። ደግሞ አልተመለሰም።

መልስ 3

ሳይኮሎጂ ያጠና ሰው ነው፤ ሐሳቤን ከሥሩ የነቀነቀው እሱ ነው። ጭምትነትና ፍርሃት ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ፣ እኔ ግን አንድ ጆንያ ውስጥ እንደከተትኳቸው አስረዳኝ። ኢንትሮቨርትና ኤክስትሮቨርት የሚሉትን ቃላት ያስፋፋው የስዊዘርላንዱ ካርል ዩንግ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1921። የሱ ጉዳይ የሰው ልብ ወዴት እንደሚያዘነብል ነበር፤ ወደ ውስጥ ወይስ ወደ ውጭ። ማይክ መፍራት እዚያ ውስጥ የለም። ፍርሃቱን ለብቻው ለመለካት የሞከረው ጀምስ ማክሮስኪ የተባለ አሜሪካዊ ነው፣ ከ1970 ጀምሮ። መጠይቁ ከጊዜ በኋላ ሲሻሻል አራት ቦታ ለይቶ ይጠይቃል፦ ከአንድ ሰው ጋር፣ በትንሽ ቡድን፣ በስብሰባ፣ ሕዝብ ፊት። ከአንድ ሰው ጋር እንደ ልቡ የሚያወራ ሰው ሕዝብ ፊት ላብ በላብ ሊሆን ይችላል። የተገላቢጦሹም አለ።

ከዚያ ወደ አማርኛው መጣ፤ ይህኛው ይበልጥ ደስ አለኝ። እኛ ጭምት የምንለውና ዓይን አፋር የምንለው ሰው አንድ አይደለም አለ። ጭምቱ ዝም የሚለው ዝምታው ስለሚመቸው ነው። ዓይን አፋሩ መናገር ይፈልጋል፤ የሰው ዓይን ያስፈራዋል። ቃሉ ውስጥ ራሱ ዓይን አለች። ስለዚህ ፍርሃት የሌለበት ጭምት አለ፣ ፍርሃት የሚገድለው ተጫዋችም አለ።

የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ፈርታ ነበር? አላውቅም። ጠይቄያት አላውቅም።

መልስ 4

ኢንሹራንስ የሚሸጥ ሰው ነው። ራሱን ተጫዋች ብሎ ነው ያስተዋወቀው፤ በጽሑፌ ግን ልቡ እንደተነካ አልደበቀም። ሰው ጭምት ሲፈራ ያዝናል፤ ተጫዋች ሲፈራ ግን ማንም አያምነውም። የጓደኛው ሠርግ ላይ ሚዜ ሆኖ ንግግር አድርግ ተባለ። እንደፈራ ለሙሽራው ሲነግረው ሙሽራው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። ለሁለተኛው ሚዜ ነገረው፤ እሱም ሳቀ። ማይኩን ሲይዝ ጣቶቹ ተንቀጠቀጡ፤ ቀለበቱ ማይኩን እየነካ ቀጭ ቀጭ የሚለውን ድምፅ ስፒከሩ ለአዳራሹ ሁሉ አሰማ። ያን ጊዜ የሚያውቀውን ቀልድ ሁሉ አወረደው። ቀልድ የሚያበዛው ሲፈራ እንደሆነ፣ የኛም የሽያጭ ልጅ ሁለተኛ ቀልድ ሲጨምር እንደዚያው ሆኖ እንደሆነ ጠረጠረ።

ይህን ሳነብ አፈርኩ። ያ ልጅ ሦስተኛው ስላይድ ላይ አንገቱን ሲጠርግ አይቼዋለሁ። ሙቀት መስሎኝ ነበር። መልስ 4ን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ቅር እንዳላለው ጽፎልኛል።

መልስ 5

ይሄ ሰውዬ በረሮ ይዞ መጣ። እውነቴን ነው። ሮበርት ዛየንስ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ ሐሳብ አቀረበ። ተመልካች ሲኖር ሰው በደንብ የለመደውን ነገር ይበልጥ ያሳምረዋል፤ ያልለመደውን ይበልጥ ያበላሸዋል። በ1969 ከባልደረቦቹ ጋር ይህን በበረሮ ፈተነው። በረሮ ብርሃን ይሸሻል፤ መብራት ሲያበሩበት ወደ ጨለማው ሳጥን ይሮጣል። አንዱ መንገድ ቀጥ ያለ ነው። ሌላው መታጠፊያ ያለው። ከመንገዱ ዳር ደግሞ ሌሎች በረሮዎች ተመልካች ሆነው ተቀምጠዋል። ቀጥ ባለው መንገድ በረሮው ሲታይ ፈጠነ። መታጠፊያ ባለው ሲታይ ዘገየ።

መልስ 5 ከዚህ ወደኛ አዳራሽ ተሻገረ። የተዘጋጁበት ንግግር ቀጥ ያለው መንገድ ነው። ጥያቄና መልስ መታጠፊያው ነው። ልጅቷ የሮጠችው ቀጥ ባለው ላይ ነው፤ መታጠፊያው ላይ ምን ሆነች ብሎ ጠየቀኝ።

ምንም አልሆነችም። ጥያቄ አልተጠየቀችም። ልጁ 40 ደቂቃ ስለፈጀ ሰዓት አልቆ የጥያቄው ጊዜ ተሰረዘ። እሱ ግን በየመሀሉ 6 ጊዜ ተጠይቋል፤ አሁን ሳስበው ጥያቄዎቹን ሲመልስ ነበር ያማረበት። ይህን በመነሻው ጽሑፍ ላይ ሳልጽፍ ቀርቻለሁ። ሆን ብዬ አይደለም፤ ግን ቀርቻለሁ።

መልስ 6

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ሁላችንንም እናንተ እያለች በጣም በትሕትና ነው የጻፈችው። በሚመጣው ሐሙስ የመመረቂያ ጽሑፏ ዲፌንስ አለ፤ ፈታኞች ፊት ቆማ ጽሑፏን ታቀርባለች፣ ትጠየቃለች። ጭምትም ዓይን አፋርም እንደሆነች አመነች። ስለ በረሮው ካነበበች ወዲህ እንቅልፍ አልወስድ እንዳላት ነገረችን። መታጠፊያውን እንዴት ነው የሚለማመዱት ብላ ጠየቀች።

መልስ 7

ነርስ ናት፤ ለ6 ነው የመለሰችው። ሆስፒታል ውስጥ ጠዋት ጠዋት ሐኪሞች ፊት ቆማ የሌሊቱን በሽተኞች ሪፖርት ታቀርባለች። የመጀመሪያ ቀን ልቧ በአፏ ልትወጣ ደርሳ ነበር። ስትጨርስ አጠገቧ የነበረው ባልደረባዋ እንዴት ነው እንዲህ የተረጋጋሽው ብሎ ተገረመ። የሚያሾፍባት መስሏት ተቆጣችው! በኋላ ነው ነገሩ የተጠና መሆኑን ያነበበችው። ሳቪትስኪና ጊሎቪች የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳዩት ተናጋሪው ፍርሃቱ ፊቱ ላይ የተጻፈ ይመስለዋል፤ ተመልካቹ ግን ያን ያህል አያይም። የሚገርመው፣ ይህን አስቀድመው ለተናጋሪዎቹ ሲነግሯቸው ንግግራቸው ተሻለ። ለተማሪዋ የሰጠቻት ምክር አጭር ነው። የቅርብ ጓደኛሽን አስቀምጪና ክፉ ክፉ ጥያቄ ታዥጎድጉድብሽ፤ መታጠፊያውም ሲደጋገም ቀጥ ይላል የሚል ነው።

መልስ 8

ይሄኛው ደረጃው ላይ ስለተቀመጠችው ልጅ ነው የጻፈው። ብራየን ሊትል የተባለ ካናዳዊ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር አለ። ሃርቫርድ አስተምሯል፤ ንግግሩ አዳራሽ የሚያነቃ ነው። ራሱን ግን የለየለት ኢንትሮቨርት ነው የሚለው። ከንግግር በኋላ ሰው እንዳያገኘው ሽንት ቤት ገብቶ በር ዘግቶ ይቀመጥ እንደነበር ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ልዩነቱን መድረክ ላይ ከምፈልገው ከመድረክ ስትወርድ ልፈልገው እንደሚገባ መልስ 8 መከረኝ። ተጫዋቹ ልጅ ከሪፖርቱ በኋላ የት ሄደ ብሎም ጠይቋል። ካፍቴሪያ። መሀል ጠረጴዛ ላይ፣ የተምታታበትን ቁጥር ራሱ እያሾፈበት 8 ሰው ያስቅ ነበር።

መልስ 9

ሌላ ጥናት ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2014 አሊሰን ዉድ ብሩክስ የምትባል የሃርቫርድ ተመራማሪ ያወጣችው ነው። ከንግግር በፊት ፈርቻለሁ ብሎ ራስን ለማረጋጋት ከመታገል፣ ጓጉቻለሁ ማለት የተሻለ ይሠራል። የልብ ምቱ ያው ነው፤ ስሙን ነው የሚለውጡለት። ተማሪዋ ሐሙስ ጠዋት እንድትሞክረው አደራ አላት።

መልስ 10

እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ይሄ ሰው በፈረንጅ ጥናት ጆሮው እንደደነቆረ ነው የጀመረው። ጓጉቻለሁ እያለ መስታወት ፊት የሚቆም አበሻ አይቶ እንደማያውቅ፣ እኛ ሲጨንቀን ማርያምን ነው የምንጠራው እንጂ ሌላ እንደማናውቅ ተናገረ። በረሮውንም አልማረውም። ከዚያ ግን ከስድቡ ሥር ጥሩ ነገር አወጣ። አባቱ የቅኔ ተማሪ ነበሩ። ቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ከሰው ይለያል። ዛፍ ሥር፣ ገደል አፋፍ፣ ብቻውን ቁጭ ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ በልቡ ያዘጋጃል ማለት ነው። የሚያናግረው ሰው ቢመጣበት ይቆጣል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ፣ ጓደኞቹ ከበው እየሰሙት ይነግራል። ቆጠራና ነገራ ይባላል። ብልሽቱ እዚያው ይነቀሳል፣ እዚያው ይታረማል። ያለ ቆጠራ ነገራ የለም። ያለ ነገራም ቆጠራው ከንቱ ነው። ጭምት ወይስ ተጫዋች ብሎ የጠየቀ የቅኔ መምህር ግን ሰምቶ አያውቅም።

ስድቡን ትቼለት ቅኔውን ወሰድኩ።

መልስ 11

ሁላችሁም ዙሪያውን ነው የምትሄዱት አለን። ጉዳዩ ባሕርይ ሳይሆን ቋንቋ ነው። እዚህ አገር ልጅ ቤቱ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ ሲያወራ ያድጋል። ቢዘገይ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱ እንግሊዝኛ ይሆናል። ሰፈር ውስጥ አፍ የማያስከፍተው ልጅ በእንግሊዝኛ አቅርብ ሲባል ጭምት ይሆናል። መምህሩም ዝምተኛ ብሎ ይመዘግበዋል። መልስ 11 ራሱ እንደዚያ ነበር። ባለፈው ዓመት ሥራ ቦታ በአማርኛ ሲያቀርብ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የሚያውቀው ልጅ ደንግጦ አንተ መናገር ትችላለህ እንዴ አለው። እኛም ቢሮ ሪፖርቱ በአማርኛ፣ ስላይዱ በእንግሊዝኛ ነው። የሽያጩ ልጅ የጠፋበት ቦታ ሁለቱ የሚገናኙበት እንደነበር አሁን ነው የታየኝ።

መልስ 12

ነታንያ ከምትባል የእስራኤል ከተማ ነው የምትጽፈው፤ እስራኤል ያደገች የኢትዮጵያ ልጅ ናት። ዓይን አፋር የምትለዋ ቃል አስቁማታለች። እናቷ ትልቅ ሰው ሲያናግርሽ ዓይንሽን ስበሪ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ እያሉ ነው ያሳደጓት። እንደዚያ ሆና እስራኤል ትምህርት ቤት ገባች። አስተማሪዋ ይህች ልጅ በራሷ አትተማመንም ብላ ለእናቷ ነገረች። እናቷ ግራ ገባቸው፤ ልጄ ጨዋ ናት እንጂ ምን ሆነች? በጭብጨባ የሚሸለመው ጮክ ብሎ የተናገረ፣ ዓይን ለዓይን ያየ ነው። አሁን 30 ሰው ፊት ስታቀርብ ሁለቱም በውስጧ ይጣላሉ። ወንዶቹን ባልደረቦቿን ቀጥ ብላ ታያለች። ሽማግሌ ሰው ከመጣ ሳታውቀው አንገቷን ትደፋለች። ማን ነው ይህን ኢንትሮቨርት ያለው ብላ ነው የጨረሰችው።

ለዚህ መልስ የለኝም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

መልስ 13

ይሄ ደግሞ ጨዋታውን አበላሸው። ይህን ውይይት የከፈትኩት ራሴን ለማሞገስ እንደሆነ፣ ጭምት ጭምት የምለው መሪ መሆን ለማይችሉ ሰዎች ማጽናኛ ፍለጋ እንደሆነ ነው የጻፈው። አንተ ብሎ ነው የጀመረኝ፤ ሰላምታም የለው። ስብሰባ ላይ ዝም የሚል ሰው ሐሳብ ስለሌለው ነው የሚል ድምዳሜም አክሎበታል። አፍ ያለው ያግባሽ ወይስ ከብት ያለው ሲሏት አፍ ያለውን የመረጠችው ልጅ አዋቂ እንደነበረች አስታወሰን።

ለመዝገቡ ያህል፣ እኔ ጭምት አይደለሁም። የዚህን ጽሑፍ ርዝመት ማየት ይበቃል።

መልስ 14

እኔ ዝም ብል ሌላ ሰው አልቻለም። ይቺ ጠበቃ ናት። 13ን አፈ ጮሌ ብላ ጀመረች። አንደበተ ርቱዕና አፈ ጮሌ እንደሚለያዩ፣ አበሻ ሁለት ቃል ያወጣው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ነገረችው። የምስክርነት ጉዳይ ላይ እንደምታየው ሞቅ አድርጎ የሚናገር ምስክር ይታመናል፤ መስቀለኛ ጥያቄ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚፈርሰው እሱ ነው። ከዚያ ጋንዲን ጠራች። ጋንዲ ከለንደን ሕግ ተምሮ ተመልሶ ቦምቤይ የመጀመሪያ ጉዳዩን ያዘ። ምስክር ለመጠየቅ ተነሣ። ጭንቅላቱ ዞረ፤ አንድ ጥያቄ አልወጣውም። ቁጭ አለ። ሌላ ጠበቃ እንዲቀጠርና የተከፈለው 30 ሩፒ እንዲመለስ ተናግሮ ከፍርድ ቤቱ ወጣ። መሪ መሆን የማይችል የተባለው ይህን ዓይነቱ ሰው እንደሆነ ጠየቀችው።

13 ተመልሶ አንድ ጋንዲ ሕግ እንደማይሆን ጻፈ። እሷም አንድ 13 እንደማይሆን መለሰችለት። ከዚያ በኋላ የተጻጻፉትን አልተርክም። ኢንሹራንስ ሻጩ መሀላቸው ገብቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 አዳም ግራንት የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ያወጣውን ጥናት አመጣ። በስልክ ሽያጭ የበለጠ ያስገቡት ለፍላፊዎቹም ዝምተኞቹም አይደሉም፤ መሀል ላይ ያሉት ናቸው። ሁለቱም ተናደዱበት።

መልስ 15

ነገሩን ያበረደው ይሄ ነው። ዲያቆን ነው። ሙሴ አፈ ኮልታፋ ነኝ ብሎ መላክን እንደፈራ፣ እግዚአብሔርም ወንድሙን አሮንን ቃል አቀባይ አድርጎ እንደሰጠው አስታወሰን። ተናጋሪው አሮን ነበር፤ ሕዝቡን ያወጣው ግን ሙሴ ነው። ደግሞ በኋላ በኋላ ሙሴ ራሱ ነው ረጅሙን ንግግር የሚያደርገው አለ።

መልስ 16

ሙስሊም ወንድማችን ነው፤ ከ15 ጋር ተመራረቁ። ሱረቱ ጣሃ ላይ ነቢዩ ሙሳ ደረታቸው እንዲሰፋ፣ ምላሳቸው ላይ ያለው ቋጠሮ እንዲፈታ አላህን እንደሚለምኑ ጻፈ። እሱ ከፕረዘንቴሽን በፊት ይህንኑ ዱዓ ያደርጋል። ለመልስ 10ም ሰላምታ ልኮለታል።

መልስ 17

ጨዋታው ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላ ሄደ። ይሄ ሰው ማለት ነው የምትለዋን ነገር ይዞ መጣ። አለቃው በአንድ ስብሰባ ማለት ነውን ስንት ጊዜ እንዳሉ ደብተሩ ጠርዝ ላይ በሰረዝ ቆጥሯል፤ 54። እ.ኤ.አ. በ1924 ራልፍ ስሜድሊ ካሊፎርኒያ ውስጥ የጀመረው ቶስትማስተርስ የሚባል የንግግር ክበብ አለ። እዚያ በየስብሰባው አንድ ሰው ሥራው ይህ ብቻ ነው፤ ተናጋሪው እ እ ያለውን መቁጠር። በአማርኛ ቢሆን ቆጣሪው ማለት ነውን፣ ያውን፣ እንትንን፣ በቃን ሲቆጥር እጁ ይዝላል። ከዚያ ስላይድ የሚያነቡ ሰዎች ተወቀሱ። መብራት ሲጠፋ አብረው የሚጠፉ ሰዎች ተወቀሱ። ፕሮጀክተሩ እስኪበራ ሰላምታ የሚደጋግሙም አልቀሩም። ተጫዋች ለነዚህ 10 ደቂቃዎች ጥሩ ነው ብሎ አንድ ነጥብ ሰጥቷቸዋል። እውነት ነው። ጭምት ሰው ፕሮጀክተር ሲጠብቅ ማየት ያሳቅቃል።

መልስ 18

በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። እኛን ልጆቼ እያሉ ነው የጻፉት። ወንድማቸው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ማን ያንብብ ተባለ። ታላቅየው ወንድማቸው የታወቀ ተናጋሪ ነው፤ ሽምግልና ሲኖር አፍ የሚሆነው እሱ ነው። እሳቸው ደግሞ ዝም አይነቅዝም የሚል ሰው ናቸው። ታላቅየው ወረቀቱን ተቀብሎ የትውልድ ዓመቱን ሲያነብ ድምፁ ተቆረጠ። ቢሞክር ቢሞክር እምቢ አለው። እሳቸው ጽሑፉን የጻፉት የእጅ ጽሑፋቸው ስለሚያምር ነበር። ወረቀቱን ከእጁ ወሰዱ። ማይክ የለም። ነፋስ አለ። ሕዝቡ እንዲሰማ አልጮሁም፤ ሕዝቡ ተጠጋላቸው። እስከ መጨረሻው አነበቡ። ያለቀሱት ከ40 ቀን በኋላ ነው፣ ብቻቸውን።

ሰዎች እስካሁን ደህና ተናገርክ ይሏቸዋል። እሳቸው ግን ያን ቀን በደንብ የተናገረው ታላቅ ወንድማቸው እንደሆነ ነው የሚያምኑት።

ከዚህ መልስ በኋላ ለሁለት ቀን ማንም አልጻፈም።

መልስ 19

ተማሪዋ ተመለሰች። ሐሙስ አለፈ። ጓደኛዋ 40 ጥያቄ አዘጋጅታ ሦስት ማታ ስታዋክባት ሰንብታለች። ሐሙስ ጠዋት ሽንት ቤት ገብታ ጓጉቻለሁ ለማለት ሞከረች፤ ራሷኑ አሳቃትና ማርያምን ጠራች። አቀረበች። ጥያቄ ሲመጣ ከ40ው አንዱም አልመጣም። ፈታኞቹ የጠየቋት ስለ ማርጂንና ስለ ፎንት ነው። አንደኛው ደግሞ የሽፋኑ ገጽ ላይ የዩኒቨርሲቲው አርማ ለምን ትንሽ ሆነ አላት።

መታጠፊያው የጠበቃት በሩ ውጭ ነበር። ያቺው ጓደኛዋ አበባ፣ ኬክና 15 ሰው ሰብስባ ቆማለች። እልልታው ቀለጠ። ከዚያ ንግግር፣ ንግግር ማለት ጀመሩ፤ ስልኮች ተነሡ። ለዚህ አልተዘጋጀችም። ሁለት ቃል ተናገረች፣ አበባውን ለእናቷ አስታቀፈችና ወደ ዶርም ሄዳ እስከ ማታ ተኛች።

ሁለቱ ቃላት ምን እንደነበሩ ነርሷ ጠይቃታለች። እስካሁን አልመለሰችም።